የመጀመሪያው ኤንዲ ፊልተር፦ አንድ ጥሩ ወይስ ስድስት ርካሽ?

ፎቶ ማንሳት የጀመሩ ጓደኞቼ «የትኛውን ኤንዲ ፊልተር ልግዛ?» ይሉኛል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ መልሴ ከኪስ ይነሳል፦ ስድስት ርካሽ ከመግዛት አንድ ጥሩ።

ኤንዲ ለሌንስ እንደ ጥቁር መነጽር ነው። እያንዳንዱ «ስቶፕ» የሚገባውን ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፊት ቆማችሁ ካሜራው ያለ ፊልተር 1/60 ሰከንድ ካሳያችሁ፣ ባለ 3 ስቶፑ ወደ 1/8 ሰከንድ፣ ባለ 6ቱ ወደ 1 ሰከንድ፣ ባለ 10ሩ ወደ 16 ሰከንድ ያስረዝመዋል። በ1 ሰከንድ ውሃው እንደ ነጠላ ይለሰልሳል፣ መውረዱ ግን ይታያል። በ16 ሰከንድ ጭጋግ ይመስላል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምገዛው ባለ 6ቱን ነው፤ ላዩ ላይ «ኤንዲ 64» ተብሎ ይጻፋል።

ርካሾቹን ብትደራርቡ ቀለሙ ይዛባል፣ የፎቶው ጥግ ይጠቁራል። እየተሽከረከረ መጠኑ የሚቀያየረው ፊልተር ለቪዲዮ ይመቻል፤ በሰፊ ሌንስ ግን ሰማዩ ላይ ጥቁር የመስቀል ጥላ ሊጥል ይችላል።

ስትገዙ በትልቁ ሌንሳችሁ ልክ ይሁን። 77 ሚሊሜትር ከያዛችሁ፣ ለ67ቱ ሌንስ ርካሽ ማገናኛ ቀለበት ይበቃል።

የተረፈው ብር ትራይፖድ ላይ ይዋል። 1 ሰከንድ ሙሉ ካሜራ በእጅ ይዞ የማይንቀጠቀጥ ሰው የለማ!