ዛፍ በቁሙ ሲሸጥ ማን ያተርፋል?

የወላይታ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳ ወይም የልጅ ትምህርት ወጪ ሲገጥመው ከጓሮው ዛፍ ይሸጣል። ገዢው መጥቶ ሽቅብ ያያል፣ ዋጋ ይጠራል፣ በቁሙ ይገዛል። ዛፉ ወላይታ ሶዶ ሲደርስ ግንዱ ለጣውላ፣ ቅርንጫፉ ለፍልጥ፣ ሽርፍራፊው ለማገዶ እየተለየ ይሸጣል። ገበሬው ግን የተቀበለው አንድ ዋጋ ነው፤ ያም ዝቅተኛው ነው። በዞኑ የእንጨት ገበያ ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ነበር። የብዙው ገበሬ ማሳ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። ስለዚህ ዛፉ ያለው ጓሮ ውስጥ ከእንሰትና ከቡና ጋር ነው። ባሕር ዛፍ በአምስት ዓመት ገደማ ለአጣና ይደርሳል፤ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዋንዛ ግን ሁለት አሥርት ዓመት ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል። እስከዚያው ለቡናው ጥላ ይሆናል፣ ቅጠሉ መሬቱን ያዳብራል፣ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። በመጨረሻ የሚሰጠው ጣውላ አናጢ የሚወደው፣ ሲላግ የማያስቸግር እንጨት ነው። ይህን ሁሉ የጠበቀ ሰው በግምት ዋጋ ሲሸጥ ያሳዝናል።

ለንጽጽር ያህል፣ በሰሜን አሜሪካ ጥቁር ዋልነት የሚባል ዛፍ አለ። ባለቤቱ ከመሸጡ በፊት የግንዱ ውፍረትና ርዝመት ይለካል። ምርጡ ግንድ በስሱ ተልጦ የቤት ዕቃ ፊት ይሸፈንበታል፤ ወደ ምድጃ የሚሄደው ቅርንጫፉና እንከን ያለበት ነው። ሥጋ በጭስ የሚያበስሉ ሰዎችም ጭሱ ስለሚመር በጥቂቱ ከሌላ እንጨት ጋር ይቀላቅሉታል። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ገዢና ዋጋ አለው።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የወተት ቅል የምታጥን እናት ያገኘችውን እንጨት አታጨስም፤ ወይራ ትፈልጋለች። ጭሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል፣ ለቅቤውም መዓዛ ይሰጣል። ለዚህ የሚበቃው ጥቂት ስንጥር ነው። ያው ወይራ ከሰል ሆኖ ሲከስል ግን ይህ ጥቅሙ ሁሉ በኪሎ ተመዝኖ ይቀራል።

በማገዶውም የሚባክነው ቀላል አይደለም። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሹ ውኃ ነው። 20 ኪሎ እርጥብ እንጨት ተሸክማ ገበያ የምትወጣ ሴት እስከ 10 ኪሎ ውኃ ተሸክማለች ማለት ነው። ገዢዋም ያንን ውኃ ለማትነን ሙቀት ታባክናለች፤ ዓይኗና ሳንባዋ ደግሞ በጭሱ ይጎዳል። ፈልጦ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ነፋስ እንዲያገኘው አድርጎ ጥቂት ወራት ማቆየት ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ የዕለት ጉርሱን ከሸክሙ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም። ከሰሉም በባህላዊው መንገድ ከ100 ኪሎ እንጨት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው የሚገኘው። ከተሜው የሚገዛው ለማጓጓዝ ስለሚቀልና በኪራይ ክፍል ውስጥ ጭሱ ስለማያስቸግር ነው።

ወደ ጣውላው ስንመለስ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቁም ሳጥንና አልጋ የሚሠራበት ከውጭ የሚገባ ኤምዲኤፍ የተባለ የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ በዶላር የሚገዛ ነው። የአገር ውስጥ ጣውላ የመወዳደሪያ ዕድል አገኘ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሳይደርቅ የተሠራ በር ይጣመማል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ የገዛ ሰው ተመልሶ ወደ ኤምዲኤፉ መሄዱ አይቀርም።

ሕጉም የሚነካው ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከጥብቅ ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ተገቢ ነበር። በጓሮው ዋንዛ የተከለ ገበሬ ግን ሲሸጥ የራሱ መሆኑን ማስረዳት ይኖርበታል። ችግኙ ሲተከል ቀበሌ ቢመዘግበው ያ ጣጣ አይኖርም ነበር። መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ሰብልና ከብት የብድር ዋስትና እንዲሆኑ መንገድ ከፍቷል። የ15 ዓመት ዋንዛም በዚያው መንፈስ ቢታይ ገበሬው ለማዳበሪያ ዕዳ ሲል ያልደረሰ ዛፍ አይቆርጥም።

በኅብረት መሥራትንም ወላይታ ያውቀዋል። በሁምቦ ወረዳ ተራቁቶ የነበረ 2,728 ሄክታር ተራራ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ከጉቶው እንዲያገግም ተደርጎ፣ ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቧል፤ የዓለም ባንክ ፈንድም የካርቦኑ ገዢ ሆኗል። በዛፍ ውስጥ ያለን የማይታይ ካርቦን ለክቶ መሸጥ የተቻለበት ዞን ግንድ መለካት አያቅተውም።

የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ዙሪያው 1.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ፣ ላይና ታቹ እኩል የሆነ ቀጥ ያለ ግንድ ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል እንጨት አለው። ሲሰነጠቅ ግማሹ ሰጋቱራና ቅራፊ ሆኖ ቢቀር እንኳ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው 17 ያህል ጣውላዎች ይወጡታል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ይህን ስሌትና የሶዶን የሳምንቱን የጣውላ ዋጋ ይዞ ገበሬው ጓሮ ቢገኝ፣ ድርድሩ ከ17 ጣውላ ዋጋ ይጀምራል።