ዲግሪ የሌላቸው የቀዶ ሕክምና መምህርት

የፌስቱላ ቀዶ ሕክምናን ሊማር አዲስ አበባ የሚመጣ ሐኪም ባዶ እጁን አይመጣም። ዲግሪውን ይዟል፤ አብዛኛውን ጊዜም ስፔሻሊስት ሆኗል። በአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል እንዲህ ያሉትን ሐኪሞች አጠገባቸው አቁመው፣ ምላጩ የት መጀመር የት መቆም እንዳለበት ሲያሳዩ የኖሩት ሴት ግን የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ማሚቱ ጋሼ ይባላሉ። ሆስፒታል የገቡት በታካሚነት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1962 ነው (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንያዘው)። ያኔ ማሚቱ የአሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች፤ ለዚህኛው ክፍል አንቱታውን እንተወው። ከአዲስ አበባ በራቀ የገጠር መንደር በልጅነቷ ተድራ፣ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ አራት ቀን አማጠች። ልጁ በሕይወት አልተገኘም። እሷም ከአልጋዋ ስትነሳ ሽንቷ አልታዘዝ አላት።

ይህ ጉዳት ፌስቱላ ይባላል። እርግማን ይመስላቸው የነበሩ ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ዳሌ ሲጠብ ወይም ሕፃኑ አመጣጡ ሲበላሽ ጭንቅላቱ መንገድ ላይ ይቀረቀራል። ምጡ ግን መግፋቱን አያቆምም። በሕፃኑ ጭንቅላትና በእናትየው ዳሌ አጥንት መካከል የተጨፈለቀው ሥጋ ደም ያጣል፤ ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል፤ የሞተው ሥጋ ከቀናት በኋላ ይረግፋል። በረገፈበት ቦታ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይቀራል። ሽንት በዚያ በኩል ቀን ከሌት ይፈስሳል፤ አንዳንዴ ዓይነ ምድርም አብሮ ይመጣል። በሰዓቱ የደረሰ የማዋለጃ ቀዶ ሕክምና ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር። ቀዳዳው ከተፈጠረ በኋላ ግን ሽታው አለ፣ መገለሉ አለ፣ ባልም ወደ ወላጆቿ ቤት የሚመልስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማሚቱ የደረሰችው ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ነው፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው። የቀድሞ ስሙን ያገኘው ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበር። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ፣ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በ1942 በወሊድ ምክንያት ያረፈች ናት። በወሊድ በሞተች ነርስ ስም በተሠራ ሆስፒታል በወሊድ የተጎዱ ሴቶች ተራ ይጠብቁ ነበር።

በዚያ ያገኘቻቸው ሐኪሞች ባልና ሚስት ናቸው፤ ኒውዚላንዳዊው ዶክተር ሬጅ ሃምሊንና አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊን። በ1959 የመጡት በሦስት ዓመት ውል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ነበር። ፌስቱላን ከዚያ በፊት በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ከመጽሐፍ ነው የጀመሩት። የጻፋቸውንና የሣላቸውን እየመረመሩ ከተማሩባቸው አንዱ ግብጻዊው ሐኪም ናጊብ ማህፉዝ ነው። (የኖቤል ተሸላሚው ደራሲ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሰው ነው፤ ያዋለደው እሱ ስለሆነ።)

ማሚቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ወደ መንደሯም አልተመለሰችም። አልጋ ማንጠፍ፣ እንደ እሷ ያሉትን ማጠብና ማጽናናት ጀመረች። በኋላ ሬጅ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል አስገቧት። መጀመሪያ መሣሪያ አቀባይ ሆነች፤ ቀጥሎ ረዳት ሆና ትይዝ ጀመር፤ ከዚያ ሬጅ አጠገቧ ቆመው ራሷ እንድትቆርጥና እንድትሰፋ አደረጓት። ሸማኔ ልጁን እንዲህ ነው የሚያስተምረው፤ ሐኪም ግን በዚህ መንገድ ሲሠለጥን እምብዛም አይታይም። ከዚህ በኋላ አንቱታውን እንመልስላቸው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስለን። ታካሚዋ ከወገቧ በታች ትደነዝዛለች፤ ራሷ ዝቅ እንዲል አልጋው ይዘቀዘቃል። ሐኪሟ የምትሠራው ጠባብና ጥልቅ ቦታ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ እርስ በርስ የተጣበቁትን ፊኛንና ብልትን ቀስ ብላ ማላቀቅ አለባት። ከኩላሊት የሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከቀዳዳው ጫፍ አጠገብ ሊገኙ ይችላሉ፤ ሳይታዩ ከተሰፉ ኩላሊት አለቀለት። ከዚያ የፊኛው ስፌት ይመጣል፤ ሥጋው ከተወጠረ ይቀደዳል። መጨረሻ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለው ፈሳሽ ፊኛው ውስጥ ይገባና በሌላው በኩል ጠብታ መታየት አለመታየቱ ይፈተሻል። ታካሚዋም ስፌቱ እስኪጠገግ ሁለት ሳምንት ገደማ ከሽንት ማውጫ ቱቦ (ካቴተር) ጋር ትቆያለች። የመጀመሪያው ሙከራ ለመዳን ከሁሉ የተሻለው ዕድል ስለሆነ ያልሠለጠነ እጅ አይታመንበትም። መጽሐፍ የቀዳዳውን ዓይነት ይዘረዝራል፤ ሥጋው ስፌት ይችል እንደሆነ የሚያውቀው ግን ብዙ የነካ ጣት ነው። ማሚቱ በዚህ ነው የበለጡት።

በ1989 የለንደኑ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሃምሊኖች የወርቅ ሜዳሊያ ሲሸልም ማሚቱ ጋሼም አብረው ተሸለሙ። ሜዳሊያው ሲሰጣቸው መደበኛ ትምህርት አልነበራቸውም፤ ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል መቁጠር የጀመሩት በቀዶ ሕክምና ከተካኑ ከዓመታት በኋላ ነው። ለእኔ ከሜዳሊያው ይልቅ ይህኛው ይገርመኛል። ስፔሻሊስት የሚያስተምር ሰው ጎልምሶ፣ አላፍርም ብሎ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀመረ። በ2018 ቢቢሲ በዓመቱ መቶ ሴቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

ለሦስት ዓመት የመጡት ሬጅ በ1993 አረፉ፤ ካትሪን ደግሞ በ2020 በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። ከአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ጀምሮ የመሠረቱት ሥራ ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክሟል። ዛሬም በሆስፒታሉ ከሚያገለግሉት መካከል ራሳቸው ታካሚ የነበሩ አሉ። አዲስ የመጣች ታካሚ ከዚህ በሽታ የዳነች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ድና ስትወጣ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል።

ሕክምናው በነፃ ነው። ከአዲስ አበባው ሆስፒታል ሌላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት ተከፍተዋል። በሠፈርዎ፣ በቀበሌዎ ወይም በአገር ቤት ዘመዶችዎ መካከል ከወሊድ ወዲህ ከሰው የራቀች ሴት ካለች፣ በሽታዋ ስም እንዳለውና እንደሚታከም ይንገሯት።