ቀዩን ገደል በባዶ እግር

ቃሊቲ የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚረግጠው ድንጋይ ሁሉ ከእሳት የወጣ ነው። ለቤት መሠረት በገልባጭ የሚራገፈው ጥቁር ድንጋይ፣ በየመንደሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን፣ አስፋልት ከመፍሰሱ በፊት የሚደለደለው ቀይ ገረጋንቲ፣ በስተምሥራቅ አድማሱን የዘጋው የረር ተራራ፣ ሁሉም የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ከአቃቂ ጉድጓዶች የምትስበው ውሃ እንኳ የሚጠራቀመው በዚሁ ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል ያለ ሰው «እሑድ ተራራ እንውጣ» ሲባል በሐሳቡ የሚመጣለት ፉሪ፣ ወጨጫ፣ የረር ወይም እንጦጦ ነው። ሁሉም ቀስ እያሉ ከፍ የሚሉ፣ ባሕር ዛፍና ሣር የለበሱ፣ መሳሳት ቢመጣ እንኳ ወደ ታች ብቻ እያዩ የሚመለሱባቸው ተራሮች ናቸው።

ገርዓልታ እንዲህ አይደለም። ከመቀሌ ወደ ሰሜን ውቅሮን አልፎ፣ ከሐውዜን ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በተንጣለለ የእርሻ ሜዳ ላይ ቀይ ግንብ ድንገት ይቆማል። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ እስከ ግርጌው ድረስ ያርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሽቅብ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የሚወጣበት መንገድ ያለው አይመስልም። ቀርበው ሲያዩትም አይታይም። እዚህ ላይ ነው የአቅራቢያው መንደር የመጋብ ልጆች የአስጎብኚነት ሙያ የሚጀምረው።

አስጎብኚው ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው ግን መጀመሪያ ድንጋዩን ላወቀ ነው። ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ትግራይ የምንለው ምድር ወንዞች አቅጣጫቸውን እየለዋወጡ የሚንከራተቱበት ዝቅተኛ አገር ነበር። ወንዞቹ አሸዋ እያመጡ ደለደሉት፤ በላዩ ላይ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ። ኋላ ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ ገባና ሁሉን ሸፈነው። ያ ባሕር ትቶት የሄደው የኖራ ድንጋይ ዛሬም በመቀሌ ዙሪያ የዛጎል ቅሪት ይዞ ይገኛል። እሳተ ገሞራው፣ የኛው የቃሊቲዎቹ ድንጋይ ማለት ነው፣ የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ በሰሜኑ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ከዚያም በኋላ። በዚህ ሁሉ ሸክም የታመቀው አሸዋ በማዕድን ተጣብቆ ድንጋይ ሆነ። ቀይ ያደረገው ብረት ነው፤ ዝገት ማለት ይቻላል። ከዚያ ምድሪቱ ከፍ አለች፣ ዝናብና ወንዝ የላዩን ልብስ ገፈው ጣሉት፣ አሸዋ ድንጋዩም እንደገና ፀሐይ አየ።

የዚህ ድንጋይ ሳይንሳዊ ስም የመጣበት መንገድ ለየት ያለ ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድር ባለሙያ አብሮ ነበር። ወታደሩ መድፍ ሲጎትት እሱ ድንጋይ እያነሳ ይመዘግባል። በእ.ኤ.አ. 1870 ባሳተመው መጽሐፍ ቀዩን «የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ»፣ ከላዩ ያለውን ደግሞ «የአንጣሎ ኖራ ድንጋይ» ብሎ ጠራቸው። ስሞቹ እስከ ዛሬ በዓለም የሥነ ምድር መጻሕፍት እንዳሉ አሉ። በመቅደላ ዘመቻ ስለተዘረፈው ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህኛው ውርስ ግን የሚያወራ የለም። ከዓዲግራቱ ሥር ሌላ ደግሞ አለ፣ በእንጢጮ ስም የሚጠራ፤ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን የበረዶ ግግር በትግራይ ምድር ላይ ያለፈበትን ምልክት ይዟል። በረዶ፣ በትግራይ!

አሸዋ ድንጋይ ለሰው ልጅ ሁለት ጠባይ ያሳያል። በአንድ በኩል ለመሮ ይታዘዛል፤ ተፈልፍሎም አይደረመስም። በትግራይ የሚገኙት የውቅር አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ የተፈለፈሉት ከዚህ ድንጋይ ነው። የላሊበላዎቹ ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው፤ በዚህ ረገድ ከገርዓልታ ይልቅ ለቃሊቲ ይቀርባሉ። በሌላ በኩል ድንጋዩ የተሠራው ከፍሬ አሸዋ ነውና ፍሬ በፍሬ ይረግፋል። ደረቅ ሲሆን እግርን እንደ ሞረድ ይይዛል። ዝናብ ሲጠጣ ግን ማጣበቂያው ይላላል፤ ትናንት ሰው የተንጠለጠለበት ጠርዝ ዛሬ እጅ ላይ ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ ተራራው ከላይ እስከ ታች በቀጥታ ይሰነጠቃል። ዓምዶቹን ያቆመው ይህ ስንጥቅ ነው፤ ለሰው መውጫ የሆነውም ይኸው ስንጥቅ ነው። የትኛው ስንጥቅ ወደ ላይ እንደሚያደርስና የትኛው መሐል ላይ እንደሚዘጋ የሚያውቀው እዚያ ፍየል ሲጠብቅ ያደገ ሰው ብቻ ነው።

የመጋብ አስጎብኚዎች በማኅበር ተደራጅተው በየተራ ይሠራሉ። ዋጋው ከመነሳት በፊት ይነገራል፤ የአስጎብኚው ለብቻ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ለብቻ፣ ገደሉ ላይ እግር የሚያስይዙት ደጋፊዎች ለብቻ። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይቋጠራል፣ «ለአገሬ ልጅ እንዲህ ይባላል?» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ደጋፊው የሚሸጠው ወሬ አይደለም፤ የገዛ ትከሻውን ነው። ቁም ነገሩ ዋጋውን ታች፣ ሜዳው ላይ፣ ሁሉም እየሰማ መጨረስ ነው። ገደል ላይ ሆኖ ሒሳብ አይነሳም።

አስጎብኚው ሌላም ሥራ አለው፣ ከውጭ የማይታይ። የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የያዘው ቄስ የት እንዳለ ማወቅ። ቄሱ ገበሬም ናቸው፤ ማሳ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሐውዜን ገበያ ወርደው፣ ወይም ተዝካር ላይ። ያለ አስጎብኚ የወጣ ሰው ሁለት ሰዓት ተንጠላጥሎ የተዘጋ በር ሊጠብቀው ይችላል።

ስመ ጥሩው ጉዞ ወደ አቡነ የማታ ጉሕ የሚወስደው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የተሰየመው ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ የማታ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,580 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከአንድ የድንጋይ ዓምድ ጎን ተፈልፍሏል። መጀመሪያ በማሳዎች መሐል፣ በቁልቋልና በግራር በኩል ይኬዳል። ቀጥሎ ድንጋያማው አቀበት ይመጣል፤ ፀሐይ ሳይጠነክር ለመውጣት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት የሚበጀው ለዚህ ነው። ከአቀበቱ በላይ አንድ ቦታ ላይ አስጎብኚው «ጫማ» ይላል። ስፍራው የተቀደሰ ስለሆነ ነው ጫማ የሚወልቀው፤ ግን ባዶ እግር ጉድጓዱን ይፈልገዋል፣ ያገኘዋልም፤ የስፖርት ጫማ ይህን አይችልም። ከፊት የሚቆመው ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። በላዩ ላይ ለእጅና ለእግር የተፈለፈሉ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፣ በትውልድ መዳፍና ተረከዝ የለዘቡ። አንዱ ደጋፊ ከላይ ሆኖ እጅ ይይዛል፣ ሌላው ከታች ሆኖ የተጓዡን እግር በእጁ እያነሳ ጉድጓዱ ውስጥ ያስቀምጣል። «ቀኝ እግር። ግራ እጅ። አጆኻ (አይዞህ)!» አንዳንድ ጊዜ ገመድ ያመጣሉ፤ ዋናው መሣሪያ ግን ድምፅ ነው። ሰው የሚወድቀው ሲንቀጠቀጥ ነውና ደጋፊው ዝም እንዲል አይፈቀድለትም።

ከግድግዳው በላይ የቀደሙ አባቶች አፅም ያረፈበት ዋሻ አለ። ከዚያ በዓምዶቹ መካከል ያለው ጠባብ ማለፊያ፣ ቀጥሎ የመጨረሻው ጠርዝ ይመጣል፤ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ከ200 ሜትር በላይ ባዶ አየር፣ ለእግር የተተወው ስፋት አንድ ክንድ የሚያህል። ርቀቱ ጥቂት እርምጃ ነው። እዚህ ላይ ተጓዡ ወደ ታች ሳያይ ግድግዳውን እየዳሰሰ እንዲሄድ ይመከራል። ሕፃናት ክርስትና ለመነሳት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው በዚሁ መንገድ እንደሚያልፉ ሲነገረው ደግሞ የከተማው ሰው ያፍራል፤ ማፈሩም አንዳንዴ ጉልበት ይሰጣል።

በሩ ትንሽ ነው። ቄሱ ጧፍ ወይም ባትሪ ሲያበሩ ጣሪያው ይገለጣል፤ በአንዱ ጉልላት ዘጠኝ ሐዋርያት ክብ ሠርተው ይታያሉ፣ ግድግዳው ላይ ቅዱሳን በፈረስ። ሥዕሎቹ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ እንደሆኑ ይገመታል። ቀለሙ ያልደበዘዘው ዋሻው ደረቅ ስለሆነና ፀሐይ ስለማይገባ ነው። ፎቶ በብልጭታ አይነሳም።

እንደ እኔ ቢሆን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድን ሰው ወደ ጉሕ አልልከውም። ሁሉም የሚሮጠው ለዚያ ጠርዝ ፎቶ ነው። ድንጋዩን ለማወቅ ማርያም ቆርቆር ይሻላል። መውጫው ተራራው ለሁለት በተሰነጠቀበት ጠባብ ገደል ውስጥ ነው፤ ሁለቱ ግድግዳዎች ከግራና ከቀኝ ሆነው ጥላ ይሰጣሉ፣ ተጓዡም ቆም እያለ ንብርብሩን ማየት ይችላል። በየንብርብሩ ውስጥ ያሉት ያጋደሉ መስመሮች የዚያ የጥንቱ ወንዝ አሻራ ናቸው፤ ያጋደሉበት አቅጣጫ ውሃው ወዴት ይፈስስ እንደነበር ይናገራል። ጥሩ አስጎብኚ ይህን በጣቱ ያሳያል። አንድ ሰዓት ገደማ ከተወጣ በኋላ ሰፊው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ዓምዶቹ ከአለቱ የተጠረቡ፣ ሥዕሎቹ ከጉሕ የሚቀድሙ። ከዚያ ተራራውን በሚዞር ጠርዝ ጥቂት ሲኬድ ዳንኤል ቆርቆር አለ፤ ትንሽ ዋሻ ናት፣ ደጃፏ ላይ ግን የሐውዜን ሜዳ በሙሉ ይዘረጋል። ምሳ እዚያ ይበላል።

እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት የአካባቢው ሰው ሁልጊዜም ያውቃቸዋል። የተቀረው ዓለም የሰማው በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ፣ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ ከመቶ በላይ የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር ይዘው ሲቀርቡ ነው። ከእነዚያ ውስጥ ምሁራኑ ያውቋቸው የነበሩት ጥቂት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጎብኚ መጣ፣ ሎጅ ተሠራ፣ የአስጎብኚነት ሙያ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ጀመረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የትግራይ ቅዱስ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ገባ።

ይህ ሁሉ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ ቆመ። በትግራዩ ጦርነት ዓመታት መንገድ ተዘጋ፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ፣ አስጎብኚው ወደ እርሻ ተመለሰ ወይም አገር ለቀቀ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ ወዲህ በረራው ተከፍቶ ጎብኚ በጥቂቱ መመለስ ጀምሯል። የሚሄድ ሰው በዚያ ሰሞን ያለውን ሁኔታ አስጎብኚውን ራሱን ደውሎ ይጠይቅ፤ ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። ወሩም ይመረጥ። ሐምሌና ነሐሴ ድንጋዩ እርጥብ ስለሆነ አይሆንም። ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር ሜዳው አረንጓዴ፣ ገደሉ ቀይ፣ ሰማዩ የጠራ ነው። በሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ባርኔጣ፣ ቀላል ምሳ፣ ለመግቢያና ለደጋፊ የተመነዘረ ብር። ካልሲ መያዝም አይከፋም፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ወለል እንጂ ለገደሉ አይደለም።

ለአውሮፕላን አቅሙ የማይፈቅድለት የቃሊቲ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። አዲስ አበባን አቋርጦ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከ ጡሪ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ደብረ ሊባኖስ ይደርሳል፤ ከተማውን ለማቋረጥ የሚባክነው ጊዜ ከቀሪው መንገድ ስለማያንስ ከቃሊቲ ጎህ ሳይቀድ መነሳት ነው። በዚያ ገደል ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ አሸዋ ድንጋይ አለ፤ የሥነ ምድር ሰዎች «የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ» ይሉታል፣ ከዓዲግራቱ በዕድሜ ያነሰ። ከእሱም ሥር የጭቃ ድንጋይ ይመጣል። በጀማ ወንዝ ሸለቆ ከዚህ የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተለቅመው የጥናቱ ውጤት በእ.ኤ.አ. 1999 እና በ2011 ታትሟል። የሰፈሩ ወጣቶች እስከ ፖርቹጋል ድልድይ ይመራሉ፤ ድልድዩ ራስ ዳርጌ ያሠሩት ነው ይባላል፣ ዙሪያው በጭላዳ የተሞላ ነው። ዋሻና ሥዕል ፍለጋ ሳይሆን ንብርብሩን ለማየት የሚሄድ ሰው አይከስርም።

የገርዓልታው ቀይ ድንጋይ ራሱስ? እሱ በዚህ በኩል ከሁሉም ሥር ተቀብሯል። ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወርዶ አባይ ወለል ላይ ሲደርስ፣ ጃፓኖች በሠሩት ድልድይ ግራና ቀኝ ቀይ ግድግዳ ያያል። በሐውዜን ሜዳ ላይ ቀና ተብሎ የሚታየው የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ እዚህ ከደጀን አፋፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተኝቷል፤ ሾፌሩ ካልቸኮለ ከድልድዩ ወዲያ ማዶ መኪናውን ዳር አስይዞ በእጅ መዳሰስ ይቻላል።