«ማድመቅ» የሚለው ቃል ያሳሳተን ነገር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጻካኔ ውስጥ ካለችው ሱቃችን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል አራት አምስት ልጆች ይሰበሰባሉ። ገሚሶቹ የሐበሻ ልጆች ናቸው፤ ገሚሶቹ ደግሞ በቤታቸው ዙሉ ወይም ጾንጋ የሚናገሩ የሰፈሩ ልጆች። ጻካኔ የሚለው ስም ራሱ ከጾንጋ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ደስታን ይጠቅሳል። ሰፈሩ ከጆሃንስበርግ መሐል ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከብራክፓን አጠገብ ነው። ልጆቹ የሚመጡት ለመሣል ነው። ለሱቁ ዕቃ ላመጣ መሐል ከተማ ወዳለው ጂፒ ገበያ ስወርድ እርሳስ፣ ላጲስና ወረቀት ጨምሬ እገዛለሁ፤ ሌላው የእነሱ ነው።

በእርሳስ የሚሠሩት ነገር ልብ ይሰርቃል። ኳስ የሚለጋ እግር በእውነት ይወነጨፋል፤ ልብስ የምታሰጣ እናት ወገቧ ሲሳብ ይታያል። ከዚያ አንዱ «ጋሼ፣ አሁን በእስክሪብቶ ላድምቀው?» ይለኛል። ግማሽ ሰዓት አቀርቅሮ ሲነሣ ያ የሚወነጨፍ እግር እንጨት ሆኗል። መስመሩ ጠቁሯል፣ እርሳሱ ጠፍቷል፣ ወረቀቱ ነጽቷል፤ ሥዕሉ ግን የለም። ልጁም ያውቀዋል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። ይህን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ጥፋቱ የእጅ እንዳልሆነ ገባኝ። ችግሩ ስለ ቀለም ሲነገር የሰሙትና ማንም ያላረመው ነገር ነው።

«በእርሳስ የተሠራውን መከተል ብቻ ነው»

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሌሎቹም የሚወለዱት ከዚሁ ነው። ቋንቋችንም አግዞታል። «ማድመቅ» ስንል ያለውን ማጥቆር ማለታችን ነው፤ የሚጨመርም የሚመረጥም ነገር ያለ አይመስልም። ግን ጥሩ የእርሳስ ንድፍ ውስጥ አንድ ክንድ አምስት ስድስት መስመር አለው። እጅ እየፈለገ ነውና አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ ይሄዳል። ዓይን እነዚያን ሁሉ በአንድ ላይ ስለሚያይ ክንዱ የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። በቀለም ጊዜ ከስድስቱ አንዱን መምረጥ፣ ወይም ከስድስቱም የተሻለ ሰባተኛ ማግኘት ግድ ነው። ስለዚህ ቀለም ማስገባት ሁለተኛ ሥዕል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር፤ ይኛው መልስ መስጠት አለበት።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የአሜሪካ የሥዕላዊ ታሪክ መጽሔቶች ናቸው። እዚያ በእርሳስ የሚነድፈውና ቀለም የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የሁለቱም ስም ይታተማል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃክ ከርቢ የነደፋቸውን ገጾች ጆ ሲኖት ቀለም ሲያስገባባቸው ጠንካራና የሚያብረቀርቁ ይሆኑ ነበር። ቪንስ ኮሌታ ሲሠራቸው ደግሞ በቀጫጭን ጭረት የተሞሉ፣ አሮጌ የብረት ሕትመት የሚመስሉ ነበሩ። ኮሌታ ሥራው እንዲፋጠን ከርቢ የነደፋቸውን አንዳንድ ሰዎችና ሕንፃዎች ጨርሶ ያጠፋ እንደነበርም የታወቀ ነው። የነደፈው አንድ እጅ ሆኖ ሳለ ገጾቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። መከተል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣ ነበር?

የቲንቲን ፈጣሪ ቤልጅጋዊው ኤርዤ የዓለምን በጣም ንጹሕ መስመር ከሠሩት አንዱ ነው። የእርሳስ ወረቀቱ ግን ጦር ሜዳ ይመስላል፤ እየደጋገመ፣ እየሰረዘ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ይፈልግ ነበር። ከዚያ ከብዙዎቹ መስመሮች የሚሻለውን መርጦ በሌላ ንጹሕ ወረቀት ላይ ያሳልፈው ነበር። የኤርዤ ንጽሕና የሚጀምረው ከዚያ ዝብርቅርቅ ወረቀት ላይ ነው።

የእኛም ሠዓሊዎች ይህን ያውቁታል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል አሠራር መጀመሪያ ንድፍ ይወጣል፣ ከዚያ ቀለሙ ይሞላል። ቀለሙ የመጀመሪያውን መስመር ስለሚሸፍነው ሠዓሊው በመጨረሻ የዓይኑን፣ የአፍንጫውን፣ የጣቱን ዳር በጥቁር እንደገና ያወጣል። የምናየው መስመር ያ የመጨረሻው ነው። ከሥሩ ያለው ጠፍቷል፤ ስለዚህ ሠዓሊው እየተከተለ ሊሠራ አይችልም፤ አውቆ ነው የሚያሰምረው።

ልጆቹን አሁን የማሠራቸው እንዲህ ነው። የእርሳሱን ንድፍ በመስኮት መስታወት ላይ እንለጥፈዋለን፤ አዲስ ወረቀት ከላዩ እንደርባለን፤ የቀን ብርሃን ከኋላ ያሳየናል። ከሥሩ መብራት ያለው የንድፍ ጠረጴዛ ጥሩ ነው፤ ግን ውድ ነው፣ መብራት ሲጠፋም አይሠራም። በአዲሱ ወረቀት ላይ በቀጭን እርሳስ የተመረጠውን አንድ መስመር ብቻ ያሰፍራሉ። ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ንድፍ ሳይነካ ስለሚቀር ፍርሃቱም ይቀንሳል፤ ቢበላሽ ሌላ ወረቀት አለ።

«እጁ ጽኑ የሆነ ሰው ነው የሚችለው»

«እጄ ይንቀጠቀጣል» ብሎ የተወ ልጅ አለኝ። እጁን አየሁት፤ ከእኔ የባሰ አይንቀጠቀጥም። የሰው እጅ ሁሉ ትንሽ ይርገበገባል። መስመር በዝግታ ሲሳብ ያንን መርገብገብ አንድ በአንድ ይመዘግበዋል፤ ፈጠን ብሎ ሲሳብ ግን እጅ ለመርገብገብ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ «ቀስ ብለህ፣ ተጠንቅቀህ» የሚለው ምክር፣ በቅንነት ቢሰጥም፣ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው እሱ ነው።

ሌላው ከየት እንደሚሳብ ነው። አጭር ኩርባ ከአንጓ ይወጣል፤ ረጅም መስመር ግን ከክርንና ከትከሻ ነው። ጣትን ብቻ እያንቀሳቀሱ አንድ ክንድ ያህል መስመር ለማውጣት ሲታገሉ መስመሩ በየሁለት ጣቱ ይሰበራል። ከመንካት በፊት እስክሪብቶውን በአየር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ በመስመሩ መንገድ ማመላለስ ይረዳል። ዓይን ከእስክሪብቶው ጫፍ ተነሥቶ መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት። ከሁሉም በላይ ግን ወረቀቱ ይዙር! እጅ በተፈጥሮው የሚቀናው ኩርባ አለ፤ ሰውነት እንዳይጣመም ወረቀቱን ማዞር ነው። ልጆች ወረቀቱ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ያለበት ይመስላቸዋል፤ ምናልባት ከትምህርት ቤት ደብተር የተማሩት ይሆናል።

ስለ ጽኑ እጅ ሲወራ ቁም ጸሐፊዎቻችን ይታወሱኛል። ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ያለ ጠረጴዛ፣ በመቃ ብርዕ ይጽፋሉ። የፊደሉን እያንዳንዱን ጭረት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ብርዑ ብራናውን ከመንካቱ በፊት ያውቁታል። ጽናቱ ከዚያ ማወቅ የሚመጣ ይመስለኛል። መስመሩ የት እንደሚያርፍ ያላወቀ ልጅ መሐል ላይ ቆሞ ያስባል፤ የቆመበት ቦታ ላይ ቀለሙ ጠብታ ይሠራል።

«ጥሩ ቀለም ውድ ነው»

እንግሊዞች የህንድ፣ ጣሊያኖች የቻይና የሚሉት ጥቁር የንድፍ ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው። የአገራችን የብራና ቀለምም እንደዚሁ ነው፤ ከድስትና ከምጣድ የተፋቀ ጥላሸት፣ የተቃጠለ እህል፣ ቅጠል፣ ውኃ፣ ከዚያ ወራት የሚፈጅ ማብላላት። ጥላሸት ካርቦን ስለሆነ ብርሃን አያፈዝዘውም። ሦስትና አራት መቶ ዓመት ያስቆጠሩ ብራናዎች ዛሬም እንደ ትናንት የሚነበቡት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከዋጋው ይልቅ መጠየቅ ያለበት ቀለሙ በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው ወይስ ደቃቅ የቀለም ቅንጣት ነው የሚለው ነው። የሟሟው በፀሐይ ይፈዛል፣ ብዙውንም ጠብታ ውኃ ያፈሰዋል። ቅንጣቱ ወረቀቱ ላይ ይቀመጥና ይቆያል። ተራው ባለ ኳስ እስክሪብቶ በአብዛኛው ከሟሟው ወገን ነው፤ ለመለማመድ ግን ምንም አይወጣለትም፤ ቀለል ብሎ ሲነካ ግራጫ፣ ሲጫን ጥቁር ይሰጣል። ጫፉ ላይ የሚጠራቀመውን ቅባት በየጊዜው በቁራጭ ወረቀት መጥረግ ብቻ ነው። ጃፓን ሠራሹ ፒግማ ማይክሮን የቅንጣት ቀለም ነው፤ 01 የተባለው 0.25 ሚሊ ሜትር፣ 05 የተባለው 0.45 ሚሊ ሜትር ያሰምራል። ሁለቱ ብቻ ካሉ ሙሉው ስብስብ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሌላም ስሕተት አለ፤ መስመሩ ሁሉ እኩል ውፍረት ሲኖረው ይነጻል የሚል። እንዲያውም ዳር ዳሩን እኩል የከበበ መስመር ሥዕሉን ከሽቦ የተሠራ ያስመስለዋል። ብርሃን በሚመታበት ይቅጠን፤ ጥላ ባለበት፣ ክብደት በሚያርፍበት፣ አንዱ ነገር ከሌላው ፊት በሚያልፍበት ይወፍር። የቆመ ሰው ጫማ ሥር ያለች አንዲት ወፍራም መስመር ሰውየውን መሬት ላይ ታቆመዋለች።

«እንደጨረስክ ላጲስ»

የብዙ ሥዕል መጨረሻ እዚህ ነው። ላይ ላዩን የደረቀ ቀለም ከታች ገና እርጥብ ነው፤ ላጲሱ ይጎትተዋል። ቢደርቅም ላጲስ እርሳሱን ብቻ መርጦ አያነሣም፤ ከቀለሙም ይዞ ይሄዳልና ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ወፍራም ጥቁር ቦታ ካለበት ሥዕል ላይ እርሳሱን የማጠፋው አሳድሬ ነው። ሥዕል የሚበላሽበት ሌላው ምክንያት ከቀለሙ በፊት ያለ ነው። ቢ በተባለው ለስላሳ እርሳስ ተጭኖ የተሠራ ንድፍ ወረቀቱን በግራፋይት ስለሚለብጠው ቀለሙ እንደ ቅባት ላይ ይንሸራተታል። ከቀለሙ በፊት ንድፉን በልስልስ ላጲስ መታ መታ አድርጎ ማደብዘዝ ይሻላል፤ ለዓይን በጭንቅ እስኪታይ ድረስ። ያኔ መጨረሻ ላይ የሚጠፋውም ትንሽ ነው።

«ያልተቀለመ ንድፍ ያላለቀ ሥዕል ነው»

ይህን የሚል ሰው ጆሃንስበርግ ውስጥ ሲኖር ያሳዝነኛል፤ ከዚህ አገር ታላላቅ ሥዕሎች አንዳንዶቹ በከሰል የተሠሩ ናቸውና። ዱሚሌ ፌኒ «የአፍሪካ ጌርኒካ» የተባለውን ግዙፍ ሥራውን በ1967 (እ.ኤ.አ.) የሠራው በከሰል ነው። ዊልያም ኬንትሪጅ ደግሞ ከሰሉን እየፈገፈገ፣ በዚያው ወረቀት ላይ እንደገና እየሣለ፣ እያንዳንዱን ለውጥ በካሜራ እየቀረጸ ፊልም ያደርገዋል። የተፈገፈገው መስመር ጥላ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ከተማው ያለፈበት ሁሉ የሚታየውም በዚያ ጥላ ነው። እነዚህን ማን «አንጻቸው» ይላል? ስለዚህ አንዳንዱን ንድፍ ለልጆቹ «ይህን አትንካው» እላቸዋለሁ። አስቸጋሪው ትምህርት ይህ ሆኖብኛል፤ ያላደነቅሁት ይመስላቸዋል።

በአንጻሩ ታትሞ በሺዎች እጅ ለሚገባ ሥራ ንጹሑ መስመር ያስፈልጋል። ሎዪሶ ምኪዜ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያወጣው «ክዌዚ» የተባለው የጀግና ሥዕላዊ ታሪክ ልጆቹን ያስቀናቸዋል፤ ጀግናው የሚኖርባት የወርቅ ከተማ ጆሃንስበርግን ትመስላለች። «እንደዚህ ነው መሥራት የምንፈልገው» ካሉ ቀለሙን መማር አለባቸው።

«ቀለም ከነካ አይመለስም»

ፍርሃቱን ሁሉ የሚያመጣው ይህ ነው፤ ግን እውነት አይደለም። ቁም ጸሐፊ ሲሳሳት ብራናውን በስለት ይፍቅና እንደገና ይጽፍበታል፤ የተፋቀበት ቦታ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። የታላላቅ የሥዕላዊ ታሪክ ሠዓሊዎች ዋና ገጾች በነጭ ቀለም የተሸፈኑ ቦታዎችና የተለጠፉ ቁራጮች አሉባቸው፤ ሲታተም ምንም አይታይም። ጠንከር ያለ ወረቀት ላይ ትንሽ መስመር በምላጭ ጫፍ ሊፋቅ ይችላል፤ ለሰፋው ፍሉድ አለ፤ ከዚያም ለሰፋው በላዩ ሌላ ወረቀት መለጠፍ ነው።

ያ «እጄ ይንቀጠቀጣል» ያለው ልጅ ባለፈው ወር ታክሲ ተራ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁ ሰዎችን ሣለ። የአንዷን ሴት ዓይን ሦስት ጊዜ አበላሸው። በቁራጭ ወረቀት ላይ ለብቻው አሥር ዓይን ሣለ፤ ስምንተኛውን ቆርጦ ፊቷ ላይ ለጠፈው፤ ዳሩን በጥፍሩ ደጋግሞ አሸው። ሥዕሉ አሁን ከሱቁ በር አጠገብ ተለጥፏል። ዳቦ ሊገዛ የሚገባ ሰው ቆም ብሎ የሚያየው ያቺን ሴት ነው።