ስም ከተሰረዘ በኋላ፦ ሚስጥር የሚይዝ ተመራማሪ እንዴት ይሠለጥናል?

ጀብራ በደቡብ ካርቱም የምትገኝ ሰፈር ናት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት እስኪፈነዳ ድረስ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩባት ነበር። አንድ ተመራማሪ ያኔ እዚያ የነበሩ ስደተኞችን አነጋግሮ ውጤቱን በሰንጠረዥ አወጣ እንበል። ስምም ስልክም የለበትም። አንዱ ረድፍ ግን «ሴት፣ ከ50 እስከ 54 ዓመት፣ ሻይ ሻጭ፣ ከጎንደር የመጣች፣ መኖሪያ ፈቃድ የሌላት፦ 1» ይላል። የሰፈሩ ሰው ይህን ሲያነብ ማን እንደሆነች ለማወቅ ስሟን አይጠይቅም። ሱዳን ስደተኞች በካምፕ እንዲኖሩ የምታዝ አገር በመሆኗ፣ ያለ ፈቃድ ከተማ መገኘት ለእስርና ለቅጣት ይዳርጋል። ሰንጠረዡን ያወጣው ሰው ክፉ አላሰበም። ስም ከሰረዘ ሥራው ያለቀ መስሎት ነው።

ሚስጥራዊ መረጃ የሚይዙ ተመራማሪዎች ሥልጠና የሚነሳው ይህን ግምት ከማፍረስ ነው። ግምቱ ምን ያህል እንደሚያሳስት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ታይቷል። የማሳቹሴትስ ግዛት የሠራተኞቿን የሕክምና መዝገብ ስም ሰርዛ ለተመራማሪዎች ሰጠች። ያኔ ተማሪ የነበረችው ላታንያ ስዊኒ ግን መዝገቡን ማንም ሊገዛው ከሚችለው የመራጮች ዝርዝር ጋር አስተያየችው። የትውልድ ቀን፣ ፆታና የፖስታ ቁጥር ብቻ ተጠቅማ የገዥውን የዊሊያም ዌልድን የሕክምና መዝገብ ለይታ አወጣች።

ዛሬ በብዙ አገሮች የሥልጠናው መሠረት የሆነው «አምስቱ ደኅንነቶች» የተባለው አሠራር በ2003 እ.ኤ.አ. አካባቢ በብሪታንያ ብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ ተቀረጸ። አምስት ጥያቄዎች አሉት። ጥናቱ ለምን ይጠቅማል? መረጃውን የሚነካው ሰው ይታመናል ወይ? የሚሠራበት ቦታና ኮምፒውተር የተጠበቀ ነው? በመረጃው ውስጥ ሰው የሚያስለይ ምን አለ? የሚወጣው ውጤትስ ማንንም አያጋልጥም? ሠልጣኙ እነዚህን ሸምድዶ አይሄድም፤ በእውነተኛ ሰንጠረዦች ላይ ይፈተንባቸዋል።

ከባዱ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። በአንዳንድ የመረጃ ማዕከላት ከ10 ሰው በታች የሚወክል ቁጥር ከማዕከሉ አይወጣም። ይህም ብቻውን አይበቃም። አንድ ሰንጠረዥ «ከሰፈሩ 40 ሰው» ይላል፤ በሌላ ወር የወጣ ሁለተኛው ደግሞ «ከእነዚሁ 39 ያገቡ» ይላል። ቀንሶ ያላገባውን አንድ ሰው ማግኘት የልጅ ሒሳብ ነው። በድርጅቶች መረጃም ያው ነው። በአንድ ዘርፍ ሁለት ፋብሪካ ብቻ ካለ፣ የዘርፉን ጠቅላላ ምርት ያተመ ሰው ለአንደኛው የሁለተኛውን ምርት ነግሮታል። ስለዚህ ሠልጣኙ እያንዳንዱን ቁጥር «ከዚህ ቀደም ከወጣው ጋር ሲደመር ምን ይናገራል?» ብሎ ማየትን ይለምዳል።

በኢትዮጵያ ይህ ጥንቃቄ መስክ ላይ ይጀምራል። በ1997 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ከጣት የተወሰደው ደም ስም ሳይሆን ባር ኮድ ነበር የተለጠፈበት። በዚህ ዓይነት ጥናት የምርመራው ውጤት ከመጠይቁ ጋር የሚገናኘው የቤተሰቡና የናሙና ቦታው ቁጥር በሌላ ቁጥር ከተተካ በኋላ ነው። በ2008ቱ ጥናት ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ሲጠየቅ ከአንድ ቤት የምትጠየቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ባል ወይም አማት ሲመጣ ጠያቂዋ ወሬ መቀየር አለባት። የሚታተመው የካርታ ነጥብ ሳይቀር ሆን ተብሎ ይዛባል፦ የከተማው እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ የገጠሩ በአብዛኛው እስከ 5 ኪሎ ሜትር። ከ1994 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ 3,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ልጆችን ሲከታተል የኖረው «ያንግ ላይቭስ» ጥናትም የቀበሌዎቹን ስም በፈጠራ ስም ተክቶ ነው የሚጽፈው።

ሥልጠናው ተራ የሚመስለውን ነገርም ይነካል። ስምና መለያ ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝር መልሶች ካሉበት ፋይል ጋር በአንድ ላፕቶፕ አይቀመጥም። ታብሌት በይለፍ ቃል ይቆለፋል፣ ውስጡ ያለው ፋይልም ይመሰጠራል። ፎቶና ድምፅ በቴሌግራም አይላላክም። አስተርጓሚው የዚያው ሰፈር ነዋሪ ከሆነ መጀመሪያ የሚታሰበው የተጠያቂው ደኅንነት ነው። እንደ ጀብራ ባለ ቦታ ይህ ሁሉ ክብደቱ ይጨምራል። ጦርነት ሲመጣ ቢሮ ይዘረፋል፣ ላፕቶፕ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ያልተሰበሰበ ስም ደግሞ አይዘረፍም። ስለዚህ የሠልጣኙ የመጀመሪያ ጥያቄ «እንዴት ልደብቀው?» ሳይሆን «ይህን መጠየቅ የግድ ነው?» መሆን ይገባዋል።

ሕጉም እየደረሰ ነው። የኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደ ጤና ያሉ መረጃዎችን የተለየ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ አስገብቷቸዋል። ይሁን እንጂ ቅጣትን ብቻ የፈራ ተመራማሪ ስህተት ሲሠራ ይደብቃል፤ የተደበቀ ስህተት ደግሞ ይሰፋል። ለዚህ ነው ዘመናዊዎቹ ሥልጠናዎች ተመራማሪውን እንደ ተጠርጣሪ ሳይሆን እንደ ባልደረባ የሚይዙትና «ስትሳሳት ወዲያው ንገረን» የሚሉት።

መረጃን ቆልፎ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ የተቆለፈ መረጃ ግን ስደተኛዋ ክሊኒክ እንደሌላት ለማንም አይነግርም። ሥልጠናው ዋጋ የሚያገኘው መረጃው ሥራ ላይ ሲውል ነው፦ የጀብራዋ ሻይ ሻጭ ችግር ለፖሊሲ አውጪ ይደርሳል፣ እሷ ግን አትታወቅም። ሚስጥሯ እንዲህ የተጠበቀላት ሴት በሚቀጥለው ጥናትም በሯን ትከፍታለች፤ ጥናት የሚባለው ነገር ሁሉ የቆመው በዚያ ፈቃደኝነት ላይ ነው።