አንዲት ቁጥር፣ ሁለት ዘመን

አንድ ደንበኛዬ በኢንተርኔት ጨረታ የገዛውን ፓርከር 51 የቀለም ብዕር ይዞልኝ እዚህ ሐርጌሳ ወዳለው ሱቄ መጣ። ሻጩ «የ1941 ሥራ ነው» ብሎታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። በማጉያ መነጽር፣ መብራቱን በአግድም ይዤ አየሁት። ከአካሉ ላይ «ሜድ ኢን ዩ.ኤስ.ኤ» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ልትጠፋ የደረሰች 1 ቁጥር አለች።

ቁጥሯ የዓመቱ መጨረሻ አሃዝ ናት፤ 1941ም 1951ም ልትሆን ትችላለች። ዘመኑን የሚለየው የቀለም አሞላሉ ነው። በስተኋላ ያለችውን ትንሽ ቆብ ስትፈቱ የሚገፋ ዘንግ ካገኛችሁ ቀዳሚው ዓይነት ነው። አካሉን ስትፈቱ ግን በብረት ቱቦ ውስጥ ያለ፣ በጣት የሚጫን ከረጢት ካያችሁ ከ1948 ወዲህ የመጣው ነው። የደንበኛዬ ባለ ከረጢት ነው፤ አካሉ ካልተቀየረ በቀር የ1951 ሥራ ነው።

በሽፋን የተከለለ ጫፍ ብቻ አይታችሁ ግን ፓርከር ነው አትበሉ፤ የቻይናው ሄሮ ብዕርም እንዲሁ ነው። ጽሑፉን ፈልጉ።

እባካችሁ፣ ጽሑፉን ለማየት ብላችሁ አሮጌ ብዕር በአልኮል አትጥረጉ፤ ፕላስቲኩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃዋል።