የተሰወረው ኃይል እና የተራራው ድርሻ

ፊዚክስ እስከ ዛሬ አራት መሠረታዊ ኃይሎችን ያውቃል፤ እነሱም ስበት፣ ኤሌክትሮማግኔታዊ ኃይል፣ እንዲሁም በአቶም እምብርት ደረጃ የሚሠሩት ጠንካራውና ደካማው ኑክሌራዊ ኃይሎች ናቸው። አምስተኛ ኃይል የሚባለው ከእነዚህ ሌላ ይኖራል ተብሎ የሚጠረጠር፣ ከስበት ጋር ተደርቦ ስለሚሠራም ስበቱ በአንዳንድ ርቀት ላይ ከሚጠበቀው በጥቂቱ የበረታ ወይም የላላ መስሎ እንዲለካ የሚያደርግ ኃይል ነው። ጥርጣሬው በሰፊው የተነሣው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1986 ሲሆን፣ ኤፍሬም ፊሽባክና ባልደረቦቹ የሀንጋሪያዊውን የሎራንድ ኦትቮሽን የቆየ የልኬት መዝገብ እንደገና መርምረው ልዩ ልዩ ቁሶች በስበት የሚሳቡት ፍጹም እኩል ላይሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

በ1988 ደግሞ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ 600 ሜትር ገደማ በሚረዝም የቴሌቪዥን ማማ ላይ ስበትን በየከፍታው የለኩ ተመራማሪዎች ከኒውተን ሕግ የወጣ ልዩነት ማግኘታቸውን አስታወቁ። ነገሩ ሲጣራ ግን ልዩነቱን የፈጠረው የመሬቱ አቀማመጥ ሆኖ ተገኘ፤ በማማው ዙሪያ ስበት የተለካባቸው ነጥቦች ከአካባቢያቸው ከፍ ወዳሉት ቦታዎች ያደሉ ስለነበሩ፣ ረባዳው መሬት በስሌቱ ውስጥ ተገቢውን ድርሻ ሳያገኝ ቀርቶ ነበር።

ይህ ጉዳይ ለአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። ከተማዋ 3,200 ሜትር ከሚጠጋው የእንጦጦ አናት ተነሥታ መካኒሳ እስክትደርስ ድረስ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ትወርዳለች። እንዲህ ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻውን ስበትን ከ10,000 እጅ በ3 እጅ ያህል የሚቀንስ ሲሆን፣ የተራራው ቋጥኝ ደግሞ በራሱ ስበት ከተቀነሰው ከፊሉን ይመልሳል። መካኒሳ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር የዚህኑ ነገር ሌላ ገጽታ በፔንዱለም ሙከራ ያገኘዋል። መማሪያ መጻሕፍት የስበት ፍጥንጥነትን፣ ማለትም የሚወድቅ ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምርበትን መጠን፣ 9.8 ወይም 9.81 ብለው ያስተምራሉ፤ በአዲስ አበባ ግን ከተማዋ ከፍ ያለችና ለምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች ዋጋው 9.77 ገደማ ነው። በአንድ ሜትር ክር የተንጠለጠለ ድንጋይ መቶ ጊዜ ደርሶ መልስ ሲወዛወዝ በ9.81 ስሌት 200.6 ሰከንድ፣ በ9.77 ስሌት ደግሞ 201.0 ሰከንድ ይፈጃል። 0.4 ሰከንድ በስልክ ሰዓት ለሚለካ ጥንቁቅ እጅ የማይያዝ አይደለም። ነገር ግን 9.77 ያገኙ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ውጤታቸውን በላጲስ አጥፍተው 9.81 ብለው ይጽፋሉ፤ በደብተሩ ላይ ከሚገኝ ከማናቸውም የስሌት ስሕተት ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ይህ መደምሰስ ነው፤ ምክንያቱም አብሮ የሚጠፋው የአገሩ ከፍታ ራሱ ነው።

ስለ አምስተኛው ኃይል የሚነሣው የዛሬው ጥያቄ ከማማው ዘመን ይልቅ የረቀቀ ነው። የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑ በ1998 ከታወቀ ወዲህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ለዚህ ምክንያቱ የማይታይ ጽልመታዊ ኃይል ሳይሆን የአይንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ መሻሻል የሚያስፈልገው መሆኑ እንደሆነ ይመረምራሉ። ኢትዮጵያዊው የኮስሞሎጂ ተመራማሪ አማረ አበበ፣ በደቡብ አፍሪካ ኖርዝ ዌስት ዩኒቨርሲቲ፣ ኤፍ-አር ስበት በሚባለው የዚህ ዘርፍ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ለዓመታት ሠርቷል፤ ከእንጦጦ የምልከታና የምርምር ማዕከልም በተሻሻለ ስበት ላይ የተሠሩ ጥናቶች ወጥተዋል። በኤፍ-አር ንድፈ ሐሳብ ውስጥ የሚፈጠረው ተጨማሪ ኃይል ስበትን እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ ሊያበረታ የሚችል ሲሆን፣ ይህን ያህል ኃይል እስካሁን እንዴት ሳይታይ ቀረ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ጀስቲን ኩሪና ደቡብ አፍሪካዊቷ አማንዳ ዌልትማን በ2004 ባቀረቡት፣ በእስስት ስም በሚጠራው ሐሳብ ነው። በዚህ ሐሳብ መሠረት ኃይሉ እፍግታ ባለበት፣ ማለትም ብዙ ቁስ በታመቀበት ስፍራ፣ የሚደርስበት ርቀት እጅግ ስለሚያጥር በምድር ላይ ይሰወራል፤ ቁስ በሳሳበት ጠፈር ግን ይገለጣል። በ2015 በበርክሌይ የተካሄደው ሙከራ ይህንኑ ሐሳብ ተከትሎ፣ አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ የሲዚየም አቶሞች ወደ አንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ሉል የሚሳቡበትን መጠን ለካ፤ አቶም ኃይሉን ለመሰወር የሚበቃ ቁስ የለውምና። ኃይሉ አልተገኘም፤ ሊደበቅባቸው ከሚችሉት ማዕዘኖች ብዙዎቹ ግን ተዘጉ። በነሐሴ 2017 ከሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ግጭት የመጣው የስበት ሞገድና የጋማ ጨረር በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ብቻ ሲደርሱ ሌሎች ብዙ ንድፈ ሐሳቦች ወደቁ፤ ኤፍ-አር ግን የስበት ሞገድ በብርሃን ፍጥነት እንደሚጓዝ ስለሚናገር ከዚህ ፈተና ተረፈ።

ቀሪው ፍለጋ በጋላክሲዎች መካከል ባለው ሰፊ ባዶ ስፍራ ላይ ነው፤ በ2023 የመጠቀው ኢውክሊድ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕም የጋላክሲዎችን አቀማመጥ ካርታ እያነሣ ነው። የማማው ችግር በዚህም ይከተላል፤ ጋላክሲዎች የሚበዙት ቁስ በታመቀበትና ኃይሉ በሚሰወርበት ስፍራ ሲሆን፣ ኃይሉ ይገለጥበታል በሚባለው ባዶ ስፍራ ግን ለመለኪያ የሚሆኑ ጋላክሲዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከካርታው አዲስ ኃይል አገኘሁ የሚል ተመራማሪ አስቀድሞ የዚያን ረባዳ ድርሻ ማስላት ይኖርበታል።